ከቀርከሃና ከሲሚንቶ የቤት መሥሪያ ሰሌዳ ስለ መሥራት

በንፋስ መውጫና በአካባቢዋ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ነፋሱ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፤ በበጋ ሌሊቱን ውርጭ፣ ቀኑን ደረቅ ነፋስ ይነፍስባታል፤ በክረምት ደግሞ ዝናብና በረዶ ይወርድባታል። በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ዝናቡ እያጠበው፣ ነፋሱም እያደረቀ እየሰነጠቀው ምርጊቱ ይረግፋል፤ ባለቤቱም ክረምት በወጣ ቁጥር ጭቃ አቡክቶ እንደገና ይመርጋል። ጣራውን ቆርቆሮ ያለበሰ ገበሬም ቢሆን፣ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ከሌለው፣ በሣር ክዳን ቤት ከሚያድረው ጎረቤቱ ይልቅ ሲበርደው ያድራል። ኮምፔንሳቶ ወይም ችፑድ ከከተማ አስመጥቶ ኮርኒስ ማሠራት ገንዘብ ይጠይቃል፤ እነዚህም እርጥበት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይላቀቃሉ።

ቀርከሃን በቀጭኑ ፍቆ ከሲሚንቶ ጋር አደባልቆ በመጫን ጠፍጣፋ ሰሌዳ መሥራት ይቻላል። ይህ ሰሌዳ እርጥበትን፣ ምስጥንና ነቀዝን ከተራ እንጨት በተሻለ ይቋቋማል፤ እሳትም ሲያገኘው ይጠቁራል እንጂ እንደ ደረቅ እንጨት ነበልባል አያወጣም። ይሁን እንጂ አሠራሩን ሳያውቅ የጀመረ ሰው ሲሚንቶውን ያባክናል፤ ሰሌዳውም በሳምንቱ በእጅ ሲነኩት እንደ ቆሎ ይረግፋል። በጋይንት አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለመግዛት በግ የሚሸጥ ሰው ስላለ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል።

ስለ ቀርከሃው

በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉ ሁለት የቀርከሃ ዓይነቶች አሉ። አንዱ የደጋ ቀርከሃ ነው፤ ውስጡ ክፍት ሆኖ ከ2,200 እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ይበቅላል። ሁለተኛው በተለምዶ ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ሲሆን በቤኒሻንጉልና በመተከል ቆላ በሰፊው ይገኛል። ከሁለቱ የተገኘው የአገሪቱ የቀርከሃ ስፋት በአንድ ላይ ሲገመት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። በአማራ ክልል የደጋውን ቀርከሃ በጓሮ ተክሎ፣ ቆርጦና ሸጦ በመጠቀም ረገድ የአዊ ሕዝብ በእንጅባራና በባንጃ፣ እንዲሁም በጮቄ ተራራ ሥር ያለው የስናን ሕዝብ ከማንም ይቀድማሉ። በደቡብም የዶርዜ ሰዎች በጨንቻ ደጋ ቤታቸውን እንዳለ በቀርከሃ ሸምነው ይሠራሉ፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላውም የበሰበሰውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ እያደረጉ ብዙ ዓመት ይኖሩበታል።

እንግዲህ የላይ ጋይንት ደጋ፣ የጉና ተራራ ግርጌ፣ የእስቴና የስማዳም ደጋማ ቀበሌዎች ከፍታቸው ለደጋ ቀርከሃ የተስማማ ነው። ቀርከሃ የሌላችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ በወንዝ ዳርና በቦረቦር አፋፍ ብትተክሉ አፈሩን ይይዝላችኋል፤ ለቤት ሥራ ግን ከአምስት ዓመት በፊት አትጠብቁት።

አቆራረጡን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀርከሃን እንደ ባሕር ዛፍ በመቁጠር ነው። ባሕር ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ቀርከሃ ግን ከመሬት ሲወጣ በያዘው ውፍረት ይቀራል፣ ቁመቱንም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው መጠንከር ብቻ ነው። መጠንከሩም ሦስት ዓመት ይወስዳል። የአንድ ዓመቱ ቀርከሃ አንጓዎቹ ላይ ሽፋኑ ገና አልረገፈም፣ መልኩ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ነጭ ዱቄት መሰል ነገርም ይታይበታል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሽፋኑ ረግፏል፤ መልኩ ደብዝዞ ወደ ቢጫነት ይመለሳል፤ ሽበትና ሽንብራ ቆዳ የመሰለ የድንጋይ ላይ ሽበት ዓይነት ነጠብጣብ ያበቅላል። የሚቆረጠው ይህ ነው። የአንድና የሁለት ዓመቱን መቁረጥ ሁለት ጉዳት አለው። ለሥራ አይሆንም፣ ልጆቹን የሚመግበውም እርሱ ስለሆነ በሚቀጥለው ክረምት የሚወጣው ቡቃያ ይቀጥናል። ሁሉንም አንድ ጊዜ የመነጠረ ሰው ተክሉን ገድሏል ማለት ይቻላል።

ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር ይሁን። በክረምት ቡቃያ ስለሚወጣ በዚያን ጊዜ ጫካ ውስጥ መግባት ቡቃያውን መስበር ነው። ከክረምት በኋላ ደግሞ ተክሉ በግንዱ ያከማቸውን ምግብ ለቡቃያው ስለሰጠ በግንዱ ውስጥ የሚቀረው ጣፋጭ ነገር ይቀንሳል። ይህ ለሰሌዳችን ታላቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ እንነግራችኋለን።

ሲሚንቶ ለምን ይታመማል?

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለ ደረቀ አይደለም። ከውኃ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ነገር ስለሚሆን ነው። ይህን መዋሐድ የሚከለክሉ ነገሮች አሉ፤ ከእነርሱም ዋናው ስኳር ነው። ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ስኳር ሲሚንቶውን ለቀናት ሳይዝ ሊያቆየው ይችላል። በዚህ ምክንያት ግንበኞች የቡክት ውኃ ስኳር በያዘ ዕቃ እንዳይቀዳ ይጠነቀቃሉ።

ቀርከሃ ደግሞ በውስጡ ስኳርና ስታርች፣ ማለት ዱቄት መሰል ምግብ፣ የሞላበት ተክል ነው። ነቀዝ ከሌላው እንጨት ይልቅ ቀርከሃን የሚወድደውም ለዚሁ ነው። ያልታጠበ የቀርከሃ ፍቅፋቂ ከሲሚንቶ ጋር ቢደባለቅ፣ ውኃው ስኳሩን እያሟሟ ወደ ሲሚንቶው ያመጣዋል፤ ሲሚንቶውም ሳይይዝ ይደርቃል። አንድ ጊዜ ሳይይዝ የደረቀ ሲሚንቶ በኋላ ውኃ ቢያጠጡት አይመለስም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መጫኑ ወይም ማደባለቁ ሳይሆን ማጠቡ ነው።

ማጠቢያው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው፣ ግንዱ እንደ ተቆረጠ ከነሙሉነቱ በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ጭኖ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት መዘፍዘፍ ነው። ሁለተኛው፣ ቀርከሃው ከተፋቀ በኋላ ፍቅፋቂውን በበርሜል ውኃ ሁለት ቀን መዘፍዘፍና ውኃውን ጧትና ማታ መለወጥ ነው። በፈላ ውኃ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢቀቀል ይበልጥ ይጠራል፤ ነገር ግን ማገዶ በጠፋበት፣ ሴቶች ኩበት ለቅመው በሚያነዱበት አገር ለሰሌዳ ሲባል በርሜል ውኃ አፍሉ ብሎ መምከር ትክክል አይመስለኝም። ቀዝቃዛው ውኃ ይበቃል፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከበርሜሉ የሚወጣው ቡናማ ውኃ ይሸታል፤ ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ አርቃችሁ ድፉት።

ፋብሪካዎች ከማጠቡ በተጨማሪ ሲሚንቶው ቶሎ እንዲይዝ ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው ከሲሚንቶው ክብደት ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ይጨምራሉ። ይህ ጨው ሚስማርና ሽቦ ያዝጋል። በገጠር ሲገኝም ውድ ስለሆነ፣ ማጠቡን አጥብቃችሁ ያዙ እንጂ በእርሱ አትተማመኑ። የወጥ ጨው ምትክ አይሆነውም።

የሁለት ኩሳ ሙከራ

ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ወይም ከገዛችሁት ከረጢት አንድ ኪሎ ብቻ አውጥታችሁ፣ ይህን ሙከራ አድርጉ። የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው ይህንን ሙከራ ለገበሬዎች በተግባር ቢያሳዩ ከብዙ ንግግር ይሻላል።

የታጠበውን ፍቅፋቂ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ በአንድ ጣሳ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከማታ እስከ ጧት አሳድሩት። ጧት ውኃውን በጨርቅ አጥልሉት። ከዚያ ሁለት እኩል የሲሚንቶ ኩሳ አድርጉ። አንዱን በንጹሕ የምንጭ ውኃ፣ ሁለተኛውን ቀርከሃው ባደረበት ውኃ አቡኩ፤ የውኃው መጠን በሁለቱም እኩል ይሁን። ሁለቱን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ከቤት ውስጥ አስቀምጡ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ብላችሁ ሞክሯቸው። ሁለቱም ጥፍር ካላስገቡ ቀርከሃው ታጥቧል። የንጹሑ ውኃ ኩሳ ጠንክሮ የቀርከሃው ውኃ ኩሳ ገና ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ፣ ፍቅፋቂው ሁለት ቀን ተጨማሪ መዘፍዘፍ አለበት። ሁለቱም ለስላሳ ከሆኑ ግን ጥፋቱ የቀርከሃው አይደለም፤ ወይ ሲሚንቶው አርጅቷል ወይም ቦታው ከመጠን በላይ ቀዝቅዟል። እርጥበት ባለበት ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ ጉልበቱ እንደሚቀንስ፣ ጓል የሠራውም ለዚህ ሥራ እንደማይሆን እወቁ።

ስለ ሲሚንቶው ዓይነት አንድ ነገር ልጨምር። በገበያ ኦፒሲና ፒፒሲ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ኦፒሲ ቶሎ ይይዛል፤ ፒፒሲ ይዘገያል። ለተራ ልስን ፒፒሲ ይበቃል፤ ለቀርከሃ ሰሌዳ ግን፣ በተለይ በብርድ አገር፣ ኦፒሲ ከተገኘ እርሱን ምረጡ።

አሠራሩ

ቀርከሃውን በአንጓ በአንጓው ቁረጡና ስንጠቁ። የውጪውን አረንጓዴ ቆዳ በቢላዋ ፋቁት፤ ሰም የመሰለ ነገር ስላለው ሲሚንቶ አይይዘውም። አንጓውንም ጣሉት፣ ለማገዶ ይሆናል። የቀረውን በአናጢ መላጊያ ወይም በስለታም ቢላዋ ርዝመቱ አንድ ስንዝር የሚያህል፣ ስፋቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ እንደ ወፍራም ወረቀት የሆነ ቀጭን ፍቅፋቂ አድርጉት። ቅርጫትና ወንበር የሚሠሩ የቀርከሃ ባለሙያዎች በአካባቢያችሁ ካሉ፣ እነርሱ የሚጥሉት ፍቅፋቂ ለዚህ ሥራ ተዘጋጅቶ የመጣ ያህል ነው። ዱቄት የሆነውን በወንፊት ንፉና ለዩት፤ ዱቄት ሲሚንቶ ይበላል እንጂ ሰሌዳውን አያጠነክርም። ገለባና ጭድ አትቀላቅሉ፤ ስኳራቸው ብዙ፣ ጥንካሬያቸው ጥቂት ነው።

ፍቅፋቂው ከታጠበ በኋላ በጥላ አድርቁት። ከጣውላ ውስጡ 1 ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ አሠሩ። ለአንድ ሰሌዳ የሚያስፈልገው፦ ደረቅ ፍቅፋቂ 2 ኪሎ ተኩል፣ ሲሚንቶ 6 ኪሎ ከሩብ፣ ውኃ 3 ሊትር ያህል ነው። ይህም ማለት ከቀርከሃው ሲሚንቶው በክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። በዚህ መጠን አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት 8 ሰሌዳ፣ ማለት 4 ካሬ ሜትር ይወጣዋል። 3 በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል ኮርኒስ 24 ሰሌዳ፣ 3 ከረጢት ሲሚንቶ ይፈጃል። ሲሚንቶ አነስተን ብናደርግስ የሚል ይኖራል፤ የሲሚንቶ ልባስ ያላገኘ ፍቅፋቂ ግን ዝናብ ባገኘው ቁጥር ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ጎረቤቱን ይዞ ይረግፋል።

በመጀመሪያ ውኃውን በፍቅፋቂው ላይ አርከፍክፉና በእጅ እያገላበጣችሁ እኩል አርጥቡት። ከዚያ ሲሚንቶውን እንደ ዱቄት ነስንሱበትና እያንዳንዱ ፍቅፋቂ ግራጫ እስኪሆን አገላብጡት። ትክክለኛው እርጥበት እፍኝ ወስዳችሁ ብትጨብጡት እጃችሁን የሚያረጥብ፣ ነገር ግን ጠብ የማይል ነው። ውኃ ጠብ ካለ ሲሚንቶው አብሮ እየሄደ ነው። ይህን ሥራ ባዶ እጅ አትሥሩ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ቃጠሎውም ወዲያው ሳይሆን ማታ ነው የሚታወቀው። ጓንት ከጠፋ ላስቲክ በእጃችሁ ላይ እሰሩ። ዓይን ከገባ በብዙ ውኃ ታጥቦ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ክፈፉን በላስቲክ በተሸፈነ ሜዳማ ጣውላ ላይ አስቀምጣችሁ ድብልቁን እኩል በትኑበት፤ ጥግ ጥጉን በጣት አጥብቁት፣ ሰሌዳ የሚሰበረው ከጥግ ነውና። ከላይ በክፈፉ ውስጥ ልክክ የሚል ጣውላ ጫኑ። በጣውላውና በሥረኛው ጣውላ መካከል፣ በአራቱም ጥግ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት አስገቡ። ሲጫን ከዚያ በታች እንዳይወርድ ነው።

አሁን ስለ መጫን። እዚህ ላይ በፋብሪካና በመንደር መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይገባል። ፋብሪካ የሚሠራው ጠንካራ የሲሚንቶ ሰሌዳ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎና ከዚያ በላይ ይጫነዋል። የእኛ ሰሌዳ ስፋቱ 5,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ እንደዚያ ለመጫን 100,000 ኪሎ፣ ማለት አንድ ሺህ ኩንታል ያስፈልጋል። ይህን ማንም ገበሬ በድንጋይ አያገኘውም። ስለዚህ በመንደር የፋብሪካውን ሰሌዳ እንሠራለን የሚላችሁን አትመኑ። እኛ የምንሠራው ቀለል ያለውን፣ በመካከሉ የአየር ቀዳዳ ያለውን ዓይነት ነው። ይህም ዓይነት አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1908 በኦስትሪያ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከማግኒዥያ የተጀመረ ነው፤ በኋላም በተራ ሲሚንቶ እየተሠራ በብዙ አገር ለቤት ኮርኒስና ለግድግዳ አገልግሏል። የአየር ቀዳዳው ብርድና የቆርቆሮን የዝናብ ድምፅ ስለሚከላከል ለኮርኒስ እንዲያውም ከጠንካራው ይሻላል። በአገራችንም ከሩቅ ዘመዱ ጋር የተዋወቁ ብዙ ናቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ለክፍል መከፋፈያ የዋለው አግሮስቶን የተባለው ሰሌዳ ከሸንኮራ አገዳ ገለፈት፣ ከማግኒዥያና ከመሳሰሉት የተሠራ ነው።

ለቀላሉ ሰሌዳ በካሬ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ይበቃል፤ በጠቅላላው 2,500 ኪሎ ነው። ይህን በዘንግ ማግኘት ይቻላል። 4 ሜትር ከግማሽ የሆነ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አንዱን ጫፍ በድንጋይ ካብ ሥር ወይም በመሬት በተቀበረ ጠንካራ ጉልላት አስገቡ፤ ከዚያ ጫፍ በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ የሰሌዳው መካከል ይሁን፤ በሌላው ጫፍ ላይ 3 ኩንታል የሚሆን ድንጋይ በገመድ አንጠልጥሉ። ክብደቱ ከድጋፉ ያለው ርቀት ሰሌዳው ካለው ርቀት ዘጠኝ እጥፍ ስለሆነ፣ 3 ኩንታሉ ሰሌዳው ላይ 27 ኩንታል ሆኖ ያርፋል። ሦስት አራት ሰሌዳዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በአንድ ዘንግ መጫን ይቻላል፤ ሸክሙ ለሁሉም እኩል ይደርሳልና። ሲጫን ልጆች ከዘንጉ ሥር እንዳይሄዱ።

በቆላ 24 ሰዓት መጫን ይበቃል። በንፋስ መውጫ ከፍታ ግን ብርዱ ሲሚንቶውን ስለሚያዘገየው ሁለት ቀን ሙሉ ተጭኖ ይቆይ። ውርጭ በሚጥልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከውጭ አትተዉት፤ በውስጡ ያለው ውኃ ከቀዘቀዘ የጀመረውን መያያዝ ያፈርሰዋል። ጎተራ ቤት ወይም ማድ ቤት አጠገብ ጥሩ ነው።

ከክፈፍ ከወጣ በኋላ በጥላ በጎኑ አቁማችሁ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ፣ በላዩ ላስቲክ ደርባችሁ፣ ለ14 ቀን በየዕለቱ ውኃ አርከፍክፉበት። ነፋስ እንዳይነካው። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችበት ያ ነፋስ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሽፋን የሌለውን ሰሌዳ ቢያገኘው ገጹን ከመጠንከሩ በፊት ያደርቀዋል። ከ14 ቀን በኋላ ጆንያውን አንሥታችሁ ሌላ 14 ቀን በጥላ ይድረቅ። በጠቅላላው 28 ቀን ሳይሞላው ቤት ላይ አትስቀሉት።

በ28ኛው ቀን ከሠራችኋቸው አንዱን ፈትኑ። ሰሌዳውን በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሙት፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ርቀት 90 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በመካከሉ በውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጡበት። ከተሸከመው ለኮርኒስና ለክፍል መከፋፈያ ይሆናል። ከተሰበረ የተሰበረበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ፍቅፋቂው ከሲሚንቶው ተላቆ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ማጠቡ ወይም መሸፈኑ ጎድሏል፤ ፍቅፋቂው ራሱ ተበጥሶ ከሆነ ግን መያያዙ መልካም ነው፣ የጎደለው መጫኑ ነው።

ለውጭ ግድግዳ ሌላ መንገድ

እስካሁን የነገርናችሁ ሰሌዳ ለቤት ውስጥ ነው። ቀዳዳ ስላለው ዝናብ በቀጥታ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ሳይለሰን ቢውል ውኃ ይጠጣል። ለውጭ ግድግዳ እኔ የምመክረው ሌላ ነው፤ እርሱም የቀርከሃ ስንጣቂ በእንጨት ማገር ላይ መትቶ በሲሚንቶና በአሸዋ መለሰን ነው። በጭቃ ቤት የለመዳችሁት ሥራ ስለሆነ አዲስ ነገር የለበትም፤ መጫኛም ፍቅፋቂም አይፈልግም።

በደቡብ አሜሪካና በመካከለኛው አሜሪካ ደጎች ይህ አሠራር የቆየ ነው። ኮስታ ሪካ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለድኾች የቀርከሃ ቤት የሚሠራበት አገር አቀፍ ፕሮጀክት አቋቁማ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991፣ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በሊሞን በኩል ሲደርስ፣ የድንጋይና የብሎኬት ቤቶች ሲፈርሱ፣ በአካባቢው የነበሩት የተለሰኑ የቀርከሃ ቤቶች ጸንተው ቆመዋል። ቀላልና ተጣጣፊ ስለሆኑ ነው።

የቤቱን ቋሚዎች በድንጋይ መሠረት ላይ አቁሙ፤ መሠረቱ ከመሬት ቢያንስ ክንድ ያህል ከፍ ይበል። የሦስት ዓመቱን፣ በወንዝ የተዘፈዘፈውን ቀርከሃ ሁለት ሦስት ጣት በሚያህል ስፋት ሰንጥቁና በማገሮቹ ላይ አግድም በሚስማር ምቱ፤ በስንጣቂዎቹ መካከል የትንሽ ጣት ክፍተት ተዉ፣ ልስኑ የሚጨብጠው በዚያ ነው። አረንጓዴው ቆዳ ወደ ውስጥ፣ ሻካራው ወገን ወደ ልስኑ ይዙር። ከመለሰኑ በፊት በነበረው ማታና ጧት ስንጣቂውን በውኃ አርጥቡት። ደረቅ ቀርከሃ ከልስኑ ውኃ መጥቶ ያብጣል፣ ኋላም ሲደርቅ ተኮማትሮ ልስኑን ይሰነጥቀዋል።

ልስኑ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሰባት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የታጠበ አሸዋ ነው። ሁለት ጊዜ ይለሰናል። የመጀመሪያው ክፍተቱን የሚሞላ፣ ገጹ በመቧጠጫ የተጫረ ይሁን፤ ሁለተኛው በማግሥቱ ይደረብበታል፤ በጠቅላላው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ይኑረው። በዚህ መጠን አንድ ከረጢት ወደ 5 ካሬ ሜትር ያለብሳል። ሁለቱንም ፊት በሲሚንቶ መለሰን የለባችሁም፤ የውስጡን ፊት እንደ ልማዳችሁ በጭድ በተቦካ ጭቃ ምረጉት። የውስጡ ጭቃ ሙቀት ይይዛል፣ የውጭው ሲሚንቶ ዝናብ ይመልሳል። ሳምንት ሙሉ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ማጠጣትና በጆንያ መጋረድ ለዚህም ያስፈልጋል።

ለልማት ሠራተኞች

በአንድ ቀበሌ ሁሉንም ገበሬ በአንድ ጊዜ ከማስጀመር፣ መላጊያ ያለው አንድ አናጢና ቀርከሃ ያላቸው አራት አምስት ቤተሰቦች ሆነው በአንድ ክፈፍና በአንድ ዘንግ ቢጀምሩ ይበጃል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰሌዳዎች ለማንም ቤት እንዳይታሰቡ፤ ለመማሪያ ይሁኑ። ቀርከሃው የተቆረጠበትን ወር፣ የታጠበበትን ቀን ብዛት፣ የሲሚንቶውን ዓይነትና የጀሪካኑን ፈተና ውጤት በደብተር ጻፉ። ሲሚንቶ በአንድ ወቅት እንደ ልብ ሲገኝ በሌላ ወቅት ከገበያ እንደሚጠፋ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል፤ ሰሌዳ የሚሠራበትን ወር በጥር ላይ አድርጋችሁ ሲሚንቶውን ከታኅሣሥ መጨረሻ ቀደም አድርጋችሁ አትግዙ፣ ሳያረጅ ሥራ ላይ እንዲውል። በተጨማሪም ቀርከሃ የሚሸጥ ገበሬ ገንዘቡን አይቶ ልጅ ልጁን ሁሉ እንዳይቆርጥ፣ ከአቆራረጡ ጀምራችሁ ተገኙ።

ሰሌዳው ቤት ላይ ሲሰቀል ለኮርኒስ አግዳሚ እንጨቶቹ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይሁኑ፤ አንዱ ሰሌዳ 10 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በቀጭን እንጨት አይታመንም። ሚስማሩ ከጠርዙ ሦስት ጣት ገባ ብሎ ይመታ፤ በሚስማሩ ራስ ሥር የቆርቆሮ ቁራጭ አድርጉበት፣ ያለዚያ ራሱ በሰሌዳው ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ሲቆረጥ በተራ መጋዝ ይቆረጣል፤ መጋዙ ግን ስለሚደንዝ ለዚህ አሮጌውን ለዩለት። የጭስ ማውጫ ባለበት ማድ ቤት ከምድጃው አንድ ክንድ ይራቅ። ገጹ በኖራ ሲቀባ ቤቱ ያበራል፤ የሰሌዳዎቹ መጋጠሚያም በቀጭን ልስን ተሞልቶ በላዩ ጨርቅ ቢለጠፍበት ስንጥቁ አይታይም።